ዘጠነኛው ዓምድ

ሐረር፣ ጥር 15 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮማነወርቅ ሀብተወልድ
አዲስ አበባ

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔና በለጡ አለን፤ ጉልበቴ ብርድ ሲነካው ከማጉረምረሙ በቀር የምነግርሽ ክፉ ወሬ የለም። ልጃችን እንደሻው ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሥራው ላይ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ መጥቶ አድሮ ሄደ። በለጡ «ያቺ ቀጭን ልጅ ትበላለች ወይ ብለህ ጠይቅልኝ» ብላ አዝዛኛለች። ጠይቄያለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጥምቀት ዋዜማ ነው። በዓሉን ሰበብ አድርጌ መልሱን አዘገየሁት፤ ይቅር በይኝ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ሥራ ፈት ነው ብለሽ ይህን የቤት ለቤት የናሙና ጥናት ከቢሮሽ ስላሰጠሽኝ ደግሞ ሳላመሰግንሽ ማለፍ አልፈልግም። አራተኛ ክፍል ሳለሽ ማካፈል ያስተማርኩሽ ልጅ መጥታ እኔን ስታሠለጥነኝ ማየት ደስ ይላል፤ ትንሽም ያሳፍራል።

ሥራው እንዴት ሆነ ላልሽኝ፣ ሰማንያ አራቱንም ቤት በአሥራ ዘጠኝ ቀን ጨርሻለሁ። እምቢ ያለኝ ሰው የለም። እዚህ ከተማ ሃያ አራት ዓመት ጠመኔ ይዤ ስለቆምኩ፣ ከፈረስ መጋላ እስከ ሸዋ በር ካለው ሰው ወይ ራሱን አስተምሬዋለሁ ወይ ልጁን ገርፌበታለሁ። ያስቸገሩኝ በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህ ሁሉ ቤት እያለ ለምን የኔ?» ይላሉ። ግብር ሊጨመርብን ነው የሚልም አለ። ያን ጊዜ የላክሽልኝን የቁጥር መጽሐፍ አውጥቼ «ዕጣ ነው፤ ደጅህ ላይ በኖራ የጻፍኩት ቁጥር ከዚህ ወጥቶ ነው» እላለሁ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ግን አይቼ አላውቅም፤ ከዳር እስከ ዳር ቁጥር ብቻ፣ ያውም መያዣ መጨበጫ የሌለው።

ነገሩ ቶሎ የገባው ዓብዱላሂ የሚባለው የጊደር መጋላ እህል ነጋዴ ነው። «እኔም ጆንያ ስገዛ አፉ ላይ ያለውን አላምንም። እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ከላይም ከታችም እዘግናለሁ። አንተም እንደዚያው ነህ» አለኝ። አንቺ ሦስት ቀን ሙሉ ያስረዳሽኝን እሱ ቆሞ ጨረሰው።

ስለ ቅጹ ዘጠነኛው ዓምድ የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ። ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ።

መምህርሽ
አባይነህ ወልደሚካኤል


አዲስ አበባ፣ ጥር 30 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለማከብርዎ መምህሬ ለአቶ አባይነህ ወልደሚካኤል
ሐረር

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ድምፅዎን የሰማሁ ያህል ደስ አለኝ። ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያበርታልዎ። እትዬ በለጡን በደንብ እንደምበላ ይንገሩልኝ፤ ቅጥነቱ የአባቴ ወገን ነው።

አሁን ስለምጽፈው ተጣደፈች አይበሉኝ። ስለ ዘጠነኛው ዓምድ ሌላ ጊዜ እንዳሉኝ አይቻለሁ፤ ጊዜው ግን ከእጄ እየወጣ ነው። በኅዳር ሐረር መጥቼ ሳሠለጥን ለምን እንደሚፈለግ በሚገባ አላስረዳሁ ይሆናል፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ስምንተኛው ዓምድ እናትየዋ የወለደቻቸው ልጆች ቁጥር ነው። ዘጠነኛው ከእነሱ መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት ናቸው። ከአምስት ከተሞች ለሁለቱ የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ ይሠራል። የትኞቹ እንደሆኑ ኮሚቴው ሚያዝያ 10 ቀን ይቆርጣል፤ የሚቆርጠውም ያን ዓምድ አይቶ ነው። ብዙ ሕፃናት የሚሞቱበት ከተማ ይቀድማል። ሐረር አሁን ባለው ቁጥር የመጨረሻዋ ናት፤ እዚያ ያደረሳት ደግሞ የእርስዎ ሰፈር ነው። በሰማንያ አራት ቅጽ የሞቱ ተብለው የተጻፉት ሁለት ሕፃናት ብቻ ናቸው። በቀረው ሁሉ ዜሮ ተጽፏል።

ኃላፊዬ ሠንጠረዡን አይቶ «እነዚህን ሰዎች የጠየቀው ማነው?» አለኝ። ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፣ ያልሆነ ነገር አይጽፉም ብዬ መለስኩ። አሁንም እንደዚያው እላለሁ። ስለ ዓምዱ ሁለት መስመር ቢጽፉልኝ ይበቃኛል።

ልጅዎ
ሮማነወርቅ


ሐረር፣ የካቲት 16 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለሮማነወርቅ ሀብተወልድ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጤናዬ ደህና ነው።

ሰፈሩ ጤነኛ ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? ቦኖ ውሃ ገብቶልናል፤ ሰዉም ንጹሕ ነው። ዜሮ ቁጥር መሆኑን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ስታገኚው ምን ያስደነግጥሻል? ያልሞተውን ሞተ ብዬ እንድጽፍልሽ ከሆነ የምትፈልጊው፣ እሱን ሌላ ሰው ይጻፍልሽ። በዚህ ዕድሜዬ ተማሪዬ ደብተሬን በቀይ እንድታርምልኝ አልጠበቅሁም።

በለጡ እንደምጽፍልሽ ስላላወቀች ሰላምታዋን አልያዝኩም።

አባይነህ ወልደሚካኤል


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 5 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለማከብርዎ መምህሬ

አስቀይሜዎታለሁና ከሁሉ በፊት ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ አነበብኩት፣ ቤቴም ወስጄ አነበብኩት። ዝም ልል ነበር። ነገር ግን ዝም ብል የሚጎዳው ከሁለታችንም ሌላ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከሒሳቡ በቀር ምንም ሳልጨምር እጽፋለሁ።

አብራዎት የሠለጠነችው ወይንሸት ገብረመድኅን የሠራችው ሰፈር ከእርስዎ ቀጥሎ ነው። ሁለቱ ሰፈሮች ከአንድ ቦኖ ይቀዳሉ፣ አንድ ገበያ ይወጣሉ፣ ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት ይውላሉ። እሷ በሰባ ዘጠኝ ቤት አምሳ ስምንት የሞቱ ሕፃናት ጻፈች፤ እርስዎ በሰማንያ አራት ቤት ሁለት። ዕጣ አንዳንዴ እንደሚያዳላ አውቃለሁ። አንዱ ሰፈር አምሳ ሌላው አርባ ቢመጣ ዕድል ነው ብዬ አልፈው ነበር። ምን ያህል ሊያዳላ እንደሚችል ደግሞ ይሰላል። በቢሮው የሒሳብ መኪና ሠራሁት፣ በእጄም ሠራሁት። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ በየቀኑ ዕጣ ብናወጣ እንኳ አንድ ቀን እንዲህ አይመጣም።

በዚሁ ዘዴ እዚህ ቢሮ የቡና ምርት ይገመታል፣ የከብት ብዛትና የወባ በሽተኛም ይገመታል። የቡና ጆንያ ሲዘገንለት አያፍርም። የኛ ሥራ ከሰው ጋር ስለሆነ ከባድ ነው፤ ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ሴቶቹን ጠይቀዋቸው ነው ዜሮ ያሉት?

ኮሚቴው የሚሰበሰብበትን ቀን ነግሬዎታለሁ። እትዬ በለጡ ማዕድ ቤት ሥራ ላይ ቢሆኑም፣ መልስዎን እሳቸው ሰላም ሳይሉኝ አይላኩት፤ ያለ እሳቸው ሰላምታ ደብዳቤዎ ይበርደኛል።

ሮማነወርቅ


ሐረር፣ መጋቢት 24 ቀን 1959 ዓ.ም.

ልጄ ሮማነወርቅ

አልጠየቅኋቸውም።

ይህን አንድ ቃል ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ባለፈው የጻፍኩልሽ ክፉ ደብዳቤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ የተቆጣሁት ስለያዝሽኝ ነው። አፍሬያለሁ። ከአፍ የሚወጣ ማፈር አይምሰልሽ። ሸዋ በር ገበያ ውስጥ ያስተማርኩት ልጅ ቆሞ ባርኔጣውን ሲያነሳልኝ ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርሽ። ያን መጽሐፍ ከፍቼ የመጀመሪያውን ቁጥር ሳወጣ አርባ ሰባት ወጣ። አርባ ሰባት ብዬ በኖራ የጻፍኩበት ደጅ ደግሞ የራሴ ደጅ ነው። መጀመሪያ ሳቅሁ። በለጡን አስቀመጥኳትና ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እንደ ሹም ጀመርኩ። ክፍል ስንት አለሽ? ሁለት። ውሃ ከየት ትቀጂያለሽ? ከቦኖ። ራዲዮ አለሽ? እሷም እየሳቀች መለሰችልኝ። ስምንተኛው ዓምድ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት። የነጠላ ጫፍ እየቋጨች ነበር። መቋጨቷን አላቆመችም፤ ግን ሳቋን ተወች።

እኛ ሦስት ልጆች ቀብረናል። ሁለቱ ከእንደሻው በፊት በትክትክ፣ አንዱ ከእሱ በኋላ በኩፍኝ። የመጨረሻውን ከቀበርን አሥራ ስምንት ዓመት ሆነን። ከዚያ ወዲህ ስማቸው በቤታችን ተጠርቶ አያውቅም። እኔ አልከለከልኩም፣ እሷም አልከለከለችም፤ እንዲያው ዝም ተባባልን። ያን ቀንም ዝም አልኩ። የተወለዱ አንድ፣ የሞቱ ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። «ጨረስክ?» አለችኝ። ጨረስኩ አልኳት።

ከዚያ በኋላ ምን ብዬ የሰው ቤት ልጠይቅ? ሁለተኛው ዕጣ ዘምዘም የምትባል ሴት ቤት ወደቀ፤ በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ዝቅ ብሎ። ባሏ የለም፤ እኔ ከግቢው በር አልፌ ቆሜያለሁ። መስኮት ስንት ነው አልኩ፣ ራዲዮ አልኩ፣ ዶሮ አልኩ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ በግቢው ውስጥ የሚሯሯጡትን ልጆች በዓይኔ ቆጥሬ አራት ብዬ ጻፍኩ፣ ዘጠነኛው ላይ ዜሮ ጻፍኩና ተሰናበትኩ። አንዲት እናት ደጇ ድረስ ሄጄ የሞተ ልጅ አለሽ ወይ ማለት ጨዋነት መስሎ አልታየኝም። እንዲሁ እያልኩ ሁሉንም ጨረስኩት። ሁለት ሴቶች ብቻ ሳልጠይቃቸው አውጥተው ነገሩኝ፤ እነሱን ጽፌያለሁ። ስለዚህ ሁለቱ ቅጾች እውነት ናቸው። የቀሩት ሰማንያ ሁለቱ እኔ ነኝ።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እያልኩ ሰሌዳ ላይ አጽፋችሁ ነበር። ያን ተረት ያወጣው ሰው ልጅ ቀብሮ አያውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ግን ትክክል ነው። የራሴን ብደብቅ የራሴ ጉዳይ ነበር፤ እኔ የሰውን ደበቅሁ።

ይህን ደብዳቤ ለኃላፊሽ አሳዪው። እኔን ለመሸፈን ብለሽ እንዳታስቀሪው፤ ማስቀረት ከእኔ እንዳትማሪ።

በለጡ ሰላም ትልሻለች። እውነት ነው፤ ዛሬ ጠይቄያት ነው።

አባይነህ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለማከብርዎ መምህሬ

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ። የመጋቢቱም፣ ከበዓሉ በፊት የጻፉልኝ ሌላውም ደብዳቤ ደርሰውኛል። መልሱን ያቆየሁት ተቀይሜ አይደለም። እርግጡን ሳልይዝ ልጽፍልዎ ስላልፈለግሁ ነው።

ስለ እኔ ከወይንሸት ሰምተው የጻፉልኝ እውነት ነው። ልነግርዎ አልፈለግሁም ነበር። ሐረር ስመጣ ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ ህንድ አገር እሄዳለሁ ያልኩዎት ዕድል ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ይህን ግን በራስዎ ላይ አይጫኑት። ቅጾቹ የመጡ ዕለት እሽጉን ስፈታ ገና አይቼዋለሁ፤ ዓምዱን ከላይ እስከ ታች በጣቴ ተከትዬዋለሁ። ሠንጠረዡ ላይ የፈረምኩት ጥር 28 ቀን ነው። ለእርስዎ ገልጬ የጻፍኩት ከፈረምኩ በኋላ፣ ጥር 30 ነው። አስተማሪዬን ደፍሬ ከምጠይቅ ሐሰት መፈረም ቀለለኝ። እርስዎ እነሱን መጠየቅ አፈሩ፣ እኔም እርስዎን መጠየቅ አፈርኩ። ይህን ሁሉ ያደረግነው ጨዋ ነን ብለን ነው። ኃላፊዬ ደብዳቤዎን ሲያነብ አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «የሌላውን ሰው ቅጽ የምታይበት ዓይን አለሽ፣ ለዘመድሽ ግን ትጨፍኛለሽ» ብሎ ሠንጠረዡን ከእጄ ወሰደው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኮሚቴው ሚያዝያ 10 ቀን የመጀመሪያውን ከተማ መርጧል፤ ሐረር አይደለችም። ሁለተኛውን ለሰኔ 1 ቀን አቆይቶታል። እስከዚያ የእርስዎ ሰፈር ቅጾች እንደገና ተሞልተው ካልደረሱ ሐረር ጭራሽ ከውድድሩ ትወጣለች። ኃላፊዬ ሌላ ሰው እንላክ ብሎ ነበር። እኔ ግን እሳቸው ይሥሩት አልኩ። አንድ ጊዜ ስለ እርስዎ ሳላጣራ መስክሬያለሁ፤ አሁን አውቄ ነው የምመሰክረው።

ባዶ ቅጾቹን በእንደሻው በኩል ልኬያለሁ። ሁሉንም ቤት እንዲጠይቁ እለምንዎታለሁ፣ ያው ሰማንያ አራቱን። የተዘጋ ቤት ቢያጋጥምዎ ጎረቤቱን አይተኩ፤ ተመልሰው ይሂዱ። ዕጣው የወደቀበት ሰው ብቻ ነው የሚናገረው። ከሁሉ የሚከብድዎትን ቤት እኔ ልጽፈው አልችልም፤ ያውቁታል።

እትዬ በለጡን እጅ እነሳለሁ።

ሮማነወርቅ


ሐረር፣ ግንቦት 21 ቀን 1959 ዓ.ም.

ልጄ ሮማነወርቅ

ቅጾቹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታሽገዋል። እንደሻው ነገ ድሬዳዋ ወስዶ ለሚያምነው የባቡር ሰው ያስረክባል፤ ከሰኔ በፊት እጅሽ ይገባል። የሞላሁት ሰማንያ ሦስት ነው። የአንዱ ቤት ሰዎች አገር ለቀው ሄደዋል፤ ባዶ ነው ብዬ ባዶውን ልኬዋለሁ። ሁለት ቤት ተዘግቶ አግኝቼ ሦስት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ጎረቤት አልተካሁም።

እንዴት ደፈርክ ብለሽ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። አልደፈርኩም። ደብዳቤሽን ለበለጡ አነበብኩላት፤ በፊት የጻፍኩልሽንም እንደዚሁ ነገርኳት፤ ቅጹ ላይ ዜሮ ያልኩትንም። በሦስተኛው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ «ተነስ እንሂድ። አንተ ደጅ ቁምና ጻፍ» አለችኝ። እሷ ትገባለች፤ ከሴትየዋ ጋር ትቆያለች፤ ትወጣና ሁለት ቁጥር ትነግረኛለች። እኔ እጽፋለሁ። ፊደል አታውቅም፤ አንድም ቁጥር አልሳተችም።

ዘምዘም ግን በእኔ በራሴ ላይ ወጣችብኝ። ሐረር አንቱታ እንደማታበዛ ታውቂያለሽ። «አንተ መምህር፣ ያኔ መጥተህ ዶሮዬን ቆጠርክ፣ መስኮቴን ቆጠርክ፤ ልጆቼን አልጠየቅከኝም» አለችኝ። «ሰባት ወለድኩ። አራቱ እዚህ አሉ፣ ሦስቱ አላህ ዘንድ ናቸው። ወላሂ፣ የረሳኋቸው መሰለህ? ከዶሮ አነሱብህ?» ላስከፋት ስላልፈለግሁ ነው ብላት «አንተ ነህ የፈራኸው፣ እኔማ የሚጠይቀኝ አጥቼ ነው» አለችኝ። የዚያችን ሴት ፊት እስክሞት አልረሳውም።

የበለጡን ዘዴ አላውቀውም ነበር። ከቤት ቤት ስትገባ ምን እንደምትላቸው፣ እኔ መጠየቅ ያፈርኳቸው ሴቶች ለእሷ እንዴት እንደሚናገሩ ይገርመኝ ነበር። አሥራ አንደኛው ቤት በሩ ገርበብ ብሎ ስለቀረ ሰማኋት። «እህቴ፣ እኔ አራት ቀብሬያለሁ፤ አንቺስ?» አለቻት።

አራት።

ተሳስታ ነው አልኩ። ሴትየዋን ለማጽናናት ጨምራ ነው አልኩ። ከሰባ በላይ ቤት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ደጅ ለደጅ ስከተላት ያን ቁጥር በሆዴ ይዤ ዞርኩ። ልጠይቃት ስል ሌላ ወሬ እጀምራለሁ፤ ስለ ዝናቡ አወራለሁ፣ ስለ ጉልበቴ አወራለሁ። ለካ ሰው ከዚህ ሁሉ ውርደት በኋላም አይማርም።

አርባ ሰባት ቁጥርን ለመጨረሻ አስቀረሁት። ትናንት ከቀትር በኋላ ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። በለጡ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መስኮቱንም ራዲዮውንም ዘለልኩ።

«ስንት ልጅ ወልደሻል?» አልኳት።

«አምስት።»

«ስንት ሞቱብሽ?»

«አራት» አለችኝ። ዓይኔን እያየች ነው ያለችኝ።

አራተኛዋ የተወለደችው ጅጅጋ ተመድቤ ባስተማርኩበት ዓመት ነው፣ በ1944። ስሄድ በለጡ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እርግጠኛ ሳትሆን አልነገረችኝም። ከሄድኩ በኋላ ደግሞ ደብዳቤ የሚጽፍላት ደብተራ ነው፤ ይህን በሰው እጅ አላስጽፍም አለች። ልጅቱ አሥራ አንድ ቀን ኖረች። ክርስትና ለመነሳት ሰማንያ ቀን አልደረሰችም። የሰፈር ሴቶች ቀበሯት። ክረምት ሲገባ ተመልሼ መጣሁ። «ጣራው ያፈስሳል ወይ ብለህ ጠየቅከኝ» አለችኝ። «ፍየሏ ወለደች ወይ አልከኝ። ከስተሻል ምን ሆነሽ ነው አልከኝ። ወባ ነው አልኩህ፣ አመንከኝ። ሌላ አልጨመርክም።»

እነዚያ የቀበሯት ሴቶች እዚሁ ናቸው። በየቀኑ እንደምን ዋልክ መምህር ይሉኛል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ እኔ እንዳላዝን ብለው፣ ልክ እኔ ለእነሱ እንዳደረግሁት አደረጉልኝ። ስንት ሰው ደጅ ላይ ቆሜ ሳዝን የኖርኩት ለሌላው መስሎኝ ነው። ልጄ፣ ይህን ስጽፍልሽ ከሐፍረቴ የተነሳ ብዕሩን ብዙ ጊዜ አስቀምጫለሁ፤ ለአንቺ ካልጻፍኩት ግን ለማንም አልጽፈውም።

ድምሩን አንቺ ብትሠሪው ይሻላል፤ እኔ ስደምረው ስድሳ ዘጠኝ መጣ። ከወይንሸት ጋር ሲተያይ ዕድል እንደዚህ ሊያዳላ ይችላል ወይስ አይችልም፣ ፍርዱ የአንቺ ነው። ክሊኒኩ ይሰጠን አይሰጠን አላውቅም፤ ቢቀርብን ምክንያቱ እኔ እንደሆንኩ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። የህንዱን ትምህርት ያሳጣሁሽን ምን ብዬ እንደምክስሽ ግን ቃል የለኝም።

አርባ ሰባት ቁጥርን ከላይ አድርጌዋለሁ። ስምንተኛው ዓምድ አምስት፣ ዘጠነኛው አራት ይላል፤ በእጄ ጽፌ እሷ በጣቷ ፈርማበታለች። ቅጹ ስም አይጠይቅም። እኔ ግን የልጅቱን ስም ጠየቅኋት። «ብርነሽ ብያት ነበር» አለችኝ።

አባይነህ